ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በሰማይ

አንጓቼ፣ የልጄ እናት፤

አፈር ከለበስሽ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እስካሁን ያልጻፍሁልሽ ደክሞኝ ነው። ቤታችን እንደተቃጠለ ቀርቷል፤ አዲስ ክዳን ከሰማይ ይታያልና መልሼ አልከደንሁትም። ኑሯችን ገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ነው። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ሞተ። ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቼ ጎህ ሳይቀድ አርሳለሁ፤ ፀሐይ ሲወጣ ፈትቼ እገባለሁ።

የአጎትሽ ልጅ አዱኛ የመጣበት ቀን ትዝ ይለኛል። ደብረ ማርቆስ ላይ ለጣሊያን የአይሮፕላን ሜዳ ሲደለድል ከርሞ፣ «ቦምብ የሚጥለው አይሮፕላን የሚያድረው አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ሲነሣ ለደብረ ማርቆሶቹ በራዲዮ ይነገራቸዋል፤ ያን ጊዜ ነፋሱን እንዲያይበት ሜዳው ላይ ጭስ ያጨሱለታል» አለን። አንቺም «ከዚያ እዚህ ለመድረስ ምን ያህል ይፈጅበታል?» አልሽ።

ማን ያውቃል? እኛ አዲስ አበባን የምናውቃት በእግራችን፣ ዓባይን ወርደን ወጥተን ነው። በማግስቱ ከሮብ ገበያ በላይ ካለው ጉብታ ወጣን። አይሮፕላኑ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ አማኑኤል ላይ እስኪደርስ አንቺ አቡነ ዘበሰማያት ደጋገምሽ፤ እኔ ስንቴ እንደደገምሽ በጠጠር ቆጠርሁ። አማኑኤል የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ አዲስ አበባስ የስንት ግማሽ ቀን ይሆናል ብለን ጠጠሩን መሬት ላይ ደረደርን። እኔ የዓባይን ቁልቁለትና ዳገት ሁሉ ደምሬ ነበር። ሳቅሽብኝ። «እሱ ዓባይን ይወርዳል እንዴ?» ብለሽ ከጠጠሩ ብዙውን አነሣሽ። በቀረው ስናሰላው፣ ቅዳሴ ተገብቶ ወንጌል እስኪነበብ ያለች ጊዜ ሆነች።

የማርያም ዕለት ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶት ሳለ የሜዳውን ጭስ ከጉብታው አየሽ። ቄሱ ቅዳሴ ሊገቡ ነበር።

«አባቴ፣ አይሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቷል፤ ወንጌል ሳይነበብ ይደርሳል፤ ሰው ይውጣ» አልሻቸው።

«ልጄ፣ ገና አዲስ አበባ ነው እያልሽ ምን አጣደፈሽ?»

«መንገዱ ለእኛ እንጂ ለእሱ ሩቅ አይደለም።»

ቄሱ ታቦቱን ይዘው ወጡ። ሰውም ተከተላቸው። አንቺ ዐይነ ስውሯን እናቴን አዝለሽ፣ እኔ ልጃችንን ደብሬን ይዤ ገደሉን ወረድን። የኋለኞቹ ዋሻው ሲገቡ ድምፁ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑም ቤታችንም ነደደ፤ ሰው ግን አንድ አልጎደለብንም።

ከዚያ ዋሻው ውስጥ የተስቦ በሽታ ገባ። ሰው ስታስታምሚ አንቺንም ያዘሽ። እናቴ ተረፈች፣ አንቺ ቀረሽ። አሁንም ኮቴ ስትሰማ «አንጓች ነሽ?» ትላለች። ስንት ጊዜ ነገርኋት፤ አሁን መመለሱን ትቻለሁ።

ጉብታው ላይ በየተራ እንጠብቃለን። በአንቺ ስሌት እስከ ዛሬ ስንቴ ተርፈናል። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰማይ ሰማይ ማየት ታክቶኛል። የጮቄን ተራራ ጉም ሲሸፍነውና አይሮፕላን ሲቀር ብቻ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ባለፈው ሰሞን፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ ጭስ ታየና ከእርሻው ሮጬ መጣሁ። ደብሬ አያቷን በነጠላዋ ጫፍ እየሳበች ዋሻው አፍ አድርሳት ነበር። ማንም አላዘዛትም። ቁመቷ ገና ከአያቷ ወገብ አያልፍም።

መልክሽን አታስታውሰውም። እኔ አስታውስላታለሁ። የክርስትና ስምሽንም በጸሎቴ ሳላነሣ የማድርበት ቀን አይኖርም፤ ደክሞኝም ቢሆን።