በጀልባው ስር ላልታየው ብርሃን፦ ለተማሪዎች ዲን የተጻፈ

ለተከበሩ የራምቡላ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ዲን፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከወረርሽኙም ከተማሪዎችዎም በበቂ ርቀት ላይ ሆነው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከኪሱሙ በታች፣ በሐይቁ ዳር፣ አርባ ስድስት ዓመት ጀልባ የሠራሁ ሽማግሌ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ሚስማር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ጽሑፌ ከሻከረብዎ ሚስማሩን ይውቀሱ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎ አፖንዲ የልጄ ልጅ ናት። ግቢውን ዘግተው ወደ እኔ ሲሰዷት ነጻ ኢንተርኔት ያለው ሲም ካርድ ስላስያዙልኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከመጠይቅዎ ተረድቻለሁና።

፩. ትምህርቱ በቀን ሁለት ሰዓት ነበር። በቀረው ሃያ ሁለት ሰዓት ነጻው ኢንተርኔት ምን እንዲሠራ አስበው እንደነበር ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል። እኔ ያየሁት ልጅቱ በአንድ እጇ የኡጋሊ ገንፎ እየጠቀለለች፣ በሌላው ስልኳን እያሻሸች፣ ዓሣውን ከነአጥንቱ ስትውጥ ነው። "ኧረ አጥንቱን!" ስላት፣ "እሺ አባባ፣ ደህና እደር" ትለኛለች። በምሳ ሰዓት።

፪. ተማሪዎች በኢንተርኔት ሱስ መያዛቸውን ለማወቅ ሃያ ጥያቄ በኢንተርኔት ላኩ። ስካርን ለመመርመር በየቤቱ አረቄ እንደማደል ያለ ጥበብ ነው። አንዱ ጥያቄ፣ "በኢንተርኔት ስለሚያሳልፉት ጊዜ የሚያማርር የቤተሰብ አባል አለ?" ይላል። አፖንዲ "በጭራሽ" ብላ መልሳለች። አልዋሸችም። አምስት ወር ሙሉ ጮኼባታለሁ፤ አልሰማችኝም።

፫. በዚህኛው አልቀልድም። ጀልባ ስንሠራ ገልብጠነው የሳንቆቹን መጋጠሚያ በጥጥ እንደፍናለን። ከዚያ አንድ ሰው ስሩ ገብቶ፣ በጨለማው ተቀምጦ፣ የቀን ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ እየፈለገ ውጭ ላለው ይናገራል። አፖንዲ ይህን ሥራ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን አታመልጣትም ነበር። በነሐሴ ግን ከኦዲራ ጀልባ ስር ሆና፣ "ንጹህ ነው አባባ፣ ምንም የለም" አለችኝ። አመንኳት። ለካ እዚያ ስር ስልኳን ከፍታ ኖሯል። ፊቱ ላይ መብራት የበራበት ሰው ሌላ ብርሃን እንደማያይ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ኦዲራ ዓሣ አጥማጅ ነው። መረቡን ሐይቁ ላይ ጥሎ፣ ከወንድሙ ጋር ውሃውን በጀሪካን እየቀዳ እየደፋ፣ ወገቡ ድረስ ረጥቦ ተመለሰ። "አንተ ሽማግሌ፣ ጀልባ ነው ወንፊት የሠራህልኝ?" አለኝ። ኦዲራ ዋና አይችልም።

፬. በዚያው ቀን ስልኩን ነጥቄ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሦስት ቀን አለቀሰች። "አንተ እኮ ዘመንህ ያለፈ ሰው ነህ!" አለችኝ፤ እውነቷን ነው፤ ሳጥኑን ግን አልከፈትኩም። በስምንተኛው ቀን ማንም ሳያዛት ጀልባው ስር ገባች። ሳንቆቹን አንድ በአንድ አየችና፣ "አባባ፣ ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ብርሃን አለ። አራተኛውም ላይ። ኧረ ይሄ ሁሉ ቀዳዳ! አንተስ ዓይንህን ምን ነካው?" አለችኝ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

፭. በዚያው ሳምንት ደብዳቤዎ ደረሰን። ለአንዴ እንኳ ወረቀት መጠቀምዎ አስደስቶኝ ነበር። መጠይቅዎ ሱሰኛ ናት ብሏልና፣ ከኢንተርኔት ሱስ ለመላቀቅ በኢንተርኔት ከሚሰጠው ምክር ሦስት ጊዜ ስለቀረች ለአራተኛ ዓመት አትመዘገብም ይላል። ሕመምተኛ አልድን ብሎ ከሐኪም ቤት ሲሸኝ አይቻለሁ፤ ስለዳነ ሲባረር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ምዝገባው የሚዘጋው ሰኞ ስለሆነ፣ ሰኞ ጠዋት በጀልባ ይዣት እመጣለሁ። አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ በሁለት እግሯ ቆማ፣ ሃያውን ጥያቄ በቃል ትመልስልዎታለች። ያዳምጧትና ይመዝግቧት። ስልኩን ይዛ ትምጣ ካሉ፣ ቁልፉ ያለው እኔ ዘንድ ነው፤ እኔም እምቢ እላለሁ።

በጽሕፈት ቤትዎ አርቆ አሳቢነት መደነቁን ገና ያልጨረሰ፣ ስልክ ቁጥር የሌለው አገልጋይዎ፣
ኦቦንዮ ራዲንግ፣ ጀልባ ሠሪ

ማስታወሻ፦ የምንመጣበት ጀልባ ያው የኦዲራ ነው። ዳግም የመረመረችው አፖንዲ ብቻዋን ናት። ኦዲራም አብሮን ይመጣል፤ ዋና ግን አሁንም አልተማረም። ጽሕፈት ቤትዎ ሱሰኛ ናት ማለቱን ነግሬው ነበር፤ እሱ ግን ጀልባው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።