ብሬ የት ነው የሚያድረው?

ጥቅምት 9
ሰባ ሁለት ፈተና አረምኩ። ወገቤ አለቀ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ባንክ ገባሁ፣ የወሩን አስቀመጥኩ። የቤት ብድር ለማግኘት የአንድ ዓመት ቁጠባ ቀረኝ። አምስቱን እንዴት ቻልኩት?

ጥቅምት 16
ደራ ሄድኩ፣ አጎቴ ጋሮምሳ ጋ። ከቤታቸው በላይ ያለው ግራር... የለም። ጉቶ ብቻ። አቧራው ዓይን አያስገልጥም።
"ማን ጨረሰው?"
"የከሰል ነጋዴው ነዋ። ሁለት አይሱዙ ገዝቶ በየቀኑ ይጭናል።"
"ከየት አምጥቶ?"
"ያ ያንቺ ባንክ አበድሮት።"
ፎቶውን በስልካቸው አሳዩኝ። የመኪና ቁልፍ ሲረከብ። አጠገቡ ቆሞ የሚስቀው ዘካርያስ ነው፤ አብሮኝ የተማረው፣ አሁን የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ።

ጥቅምት 18
ዘካርያስ ቢሮ ገባሁ።
"የምታበድሩት የማንን ብር ነው?"
"የአስቀማጩን። ያንቺንም።" ሳቀ።
"ግራሩ አለቀ እኮ፣ ዘኪ። ዝናቡም ሸሸ።"
"ሰውዬው ፈቃድ አለው። ብድሩን ይከፍላል። ያንቺ ቢወጣ ምን ሊለወጥ? የቤት ተራሽን ነው የምታጪው።"
እውነቱን እኮ ነው። ደግሞ እኔስ? ባለፈው ሳምንት አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገዝቻለሁ...

ጥቅምት 25
አልወሰንኩም። ደክሞኛል።

ኅዳር 3
ብሬን አወጣሁት። ዘካርያስ ሲፈርም ቀና ብሎ አላየኝም።
ደራ ያለው የገበሬዎች ቁጠባና ብድር ማኅበር አስገባሁት። የናፍጣ ፓምፑን በሶላር ለሚቀይር ገበሬ ያበድራሉ። የቤት ብድር የላቸውም። እናቴ በስልክ "ሀዊ፣ አብደሻል?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ጥር 11
አከራዬ ኪራይ ጨመረች። ከፈልኩ።

የካቲት 20
ደራ። ነጋዴው ሦስተኛ መኪና ገዝቷል። ጉቶው እንዳለ ነው።
አጎቴ ጉዲቱ የምትባል ሽንኩርት አምራች ማሳ ወሰዱኝ። የሶላር ፓምፕ ተክላለች። ውሃው ያለ ጩኸት፣ ያለ ጭስ ይወርዳል።
"ናፍጣ ፍለጋ መሰለፍ ቀረልኝ" አለች። "ትርፍ ጊዜ ሲኖረኝ ግራር እያፈላሁ ነው። አርባ ችግኝ።"
"ማን አበደረሽ?"
"ማኅበሩ ነዋ።"
የኔም ብር እዚያ እንዳለ አልነገርኳትም። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ቦዩ ውስጥ ነከርኩ። ቀዝቃዛ።
"ነይ እንጂ፣ መኪና ያመልጥሻል" አሉኝ አጎቴ።
"ትንሽ ይቆዩኝ" አልኳቸው።