ማኅተም ያላረፈባት ኢሜይል

ሮቤ፣ መስከረም 15 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ጫሊ
የመዛግብትና የቤተ መጻሕፍት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። ጤናዎ፣ ልጆችዎ፣ ከብትዎ፣ በአጋርፋ መንገድ ያለው የስንዴ ማሳዎ እንዴት ሰነበቱ? ሁሉም «ነጋ»፣ ሰላም ነው እንደሚሉኝ አልጠራጠርም። ይህንኑ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስገብቼልዎ ነበር፤ መልስ ባጣ ጊዜ ምናልባት ቋንቋው አልተመቸዎ ይሆናል በሚል ቅን ግምት በአማርኛ፣ በጋዜጣ መጣሁልዎ።

ላልሰሙት አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጽሕፈት ቤታችን የወጣና የገባ የሚመዘገብበት ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለው፤ ምድር ቤት እኛ የምናውሰውን መጽሐፍ፣ ፎቅ ላይ መዝገብ ቤቱ ወጪ ደብዳቤውን ያሰፍርበታል። የሠሩት በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ሲሆኑ የሚመካከሩትም በአንድ የጋራ የኢሜይል አድራሻ ነው፤ አንዱ የጻፈው ለሁሉም ይደርሳል፣ ማንም ያነበዋል፣ ሳይጠፋም ተቀምጦ ይኖራል። የእኛን ወራት ያስገቡለት ደጋጎች ግን አሥራ ሁለት ቆጥረው ወደ ቤታቸው ገቡ። ስለዚህ በጳጉሜ መጽሐፍ የተዋሰ የሮቤ ሰው ሲመዘገብ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይመልሰዋል። በ2004ቱ ጳጉሜ በአምስት ቀን ውስጥ አርባ አንድ መጻሕፍት ማንም ሳይዋሳቸው ሄደው ቀሩ።

የውሰት ክፍል ባልደረባዬ ዙሀይራ ይህን ለፈቃደኞቹ ጻፈች። የመጀመሪያ መልእክቷ የሁሉንም ጤና፣ የቤተሰባቸውን ደህንነትና የአገራቸውን ዝናብ የሚጠይቅ ስለነበር ጥያቄው የተገኘው ከታች ነው። አንድ የኖርዌይ ጡረተኛ እዚህ ሰላምታ እንደማይበዛ፣ ከመጠየቅ በፊትም የቀደመውን ውይይት ማንበብ ወግ እንደሆነ ቆጣ ብሎ ነገራት። አነበበች፤ በእኛ ኢንተርኔት ስድስት ወር ፈጀባት። በነሐሴ ችግሩን የሚፈታ አሥር መስመር ይዛ ተመለሰች፤ ሰላምታዋን ግን አልቀነሰችም። ጡረተኛው ሁለት ስሕተት አወጣባት፣ አረመች፣ ተቀበላት፤ ከመልሱ ግርጌም በእናንተ ዘንድ ዝናቡ ጣለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

እርስዎም በጳጉሜ አራት ቀን ከሥራ አገዷት። ለዚህ የሚገባዎትን ምስጋና በተራ አቀርባለሁ።

፩. መመሪያዎን ስላወጡልን እናመሰግናለን። «ወደ ውጭ የሚላክ ማንኛውም ጽሑፍ ፊርማና ማኅተም አርፎበት ወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በኮምፒውተሩ መዝገብ ያልሰፈረ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል» ይላል። ዙሀይራ መመሪያውን አልናቀችም። አሥሩን መስመር የያዘችውን ኢሜይል በወረቀት አትማ አቀረበች፤ በአሥራ አንደኛው ቀን አምሮባትና ማኅተም አርፎባት ተመለሰች፤ በትእዛዝዎም በፖስታ ተላከች። ፖስታ ቤቱ የፖስታ ሳጥን ቁጥር የላትም ብሎ መለሳት። ከዚያ በኋላ ነው ያለ ማኅተም የላከችው። አዲሱ የፕሮግራሙ ስሪት እርማት መቀበሉን ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና።

፪. ክሱ «ምስጢር ለውጭ አካል አሳልፎ መስጠት» ስለሚል ንቃትዎን አደንቃለሁ። የወጣው ምስጢር ኢትዮጵያ አሥራ ሦስተኛ ወር አላት የሚለው ነው። ከቢሮዎ በር ጀርባ የተለጠፈው የቱሪዝም ፖስተርም ይህንኑ ምስጢር በትልልቅ ፊደል ሲያወጣ ከርሟልና እርሱም አብሮ ቢታገድ ፍትሕ ይሆናል።

፫. በስብሰባ ላይ፣ ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ስትጻጻፍ የምትውል ሴት ብለው ስለ ስሟ መጨነቅዎን ሁላችንም ሰምተናል። እርሷም «ኦቦ ጫሊ፣ እርስዎንስ ሰባት ዓመት ሳውቅዎት ምን አተረፍኩ?» አለችዎ። ሳቁ እስከ ባጃጅ መቆሚያው እንደተሰማ ነግረውኛል፤ ተሳቀብኝ ብለው በክሱ ላይ አለመጨመርዎ ትዕግሥትዎን ያሳያል።

፬. የወረቀት መዝገቦቹን አሰናብተው፣ ሪባን ቆርጠው፣ «ከእንግዲህ ሁሉም በኮምፒውተር ብቻ!» ያሉት እርስዎ ነዎት። ለዚህ ያለኝን ምስጋና ወደ ታች አቆይቼዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተቀምጦ ዙሀይራን ያሰናብታል፤ ኮሚቴውን የሚሰበስቡት እርስዎ ስለሆኑ ትንቢት አይባልብኝም። ስለዚህ ሥራዎን ላቅልልዎ። ከታገደችበት ቀን አንስቶ እኔም ለዚያው አድራሻ በየቀኑ አንድ መልእክት ያለ ማኅተም ልኬአለሁ። ሰላምታም አብዝቻለሁ። እርሷን ካሰናበቱ ለእኔም አንድ ወንበር ያዘጋጁ፤ ይቅርታ የምጠይቅ ከመሰለዎ ግን ወንበሩን ይተዉት፣ ቆሜ እናገራለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይደርቅ የማኅተም ቀለም፣ የሚያስፈርሙበትም ወረቀት እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና ዝቅ ባለ ደመወዝ የማገለግልዎ፣

ለሚ ዲኖ
የመጻሕፍት ክፍል

ግልባጭ፦
ለፈቃደኞቹ በሙሉ፣ በየአገራቸው (ያለ ማኅተም)

ማስታወሻ፦ የእግዱን ደብዳቤ መመዝገብ አቅቷቸው ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ከመዝገብ ቤት ጠርተውኝ ነበር። ደብዳቤው በጳጉሜ አራት ቀን የተጻፈ ነው፤ እርስዎ ያገዱት እርማት ደግሞ ፎቅ ላይ አልተጫነም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አለኝ። በወረቀት እንዳልመዘግብ መዝገቦቹን አሰናብተውልናል፣ ያቆየሁት ምስጋና ይኸው ነው፤ ቀኑን እንዳልለውጥ ሐሰተኛ ቀን መጻፍ በመመሪያዎ ያስቀጣል፤ የዙሀይራን አሥር መስመሮች እንዳልጭን ምስጢር ናቸው። በመዝገብ ያልሰፈረ እንዳልተጻፈ ይቆጠራልና፣ ያልታገደችው ዙሀይራ ሰኞ ጠዋት ሥራዋ ላይ ትገኛለች።