ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር

ውድ ሺጌሃሩ፣

ጢሜን ሚስትህ ፉሳኤ ላጨችኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ከአምስት ዓመት በኋላ እናንተ ቤት መግባቴን እንድታውቅ ነው። አንተ ጸጉር የምታስተካክልበት ወንበር በአንሶላ ተሸፍኗል። እኔን ያስቀመጠችኝ በራሷ ወንበር ላይ ነው።

ጣሪያ ላይ በረዶ ስትጠርግ መውደቅህን የሰማሁት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ቀብርህ ላይ አልተገኘሁም። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ አስነገርኩ። አልያዘኝም ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ኮከብ ተከታተልክ። ለዓይን አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያበጠ፣ ብርቱካንማ፣ ግዙፍ፤ ሌላው ትንሽና ሰማያዊ። በየዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ቀኑ ትንሹ ከግዙፉ ጀርባ ይገባና ከአንድ ወር በላይ ይጠፋል። ለደንበኞችህ ስታስረዳ ብዙ ቃል አያስፈልግህም ነበር። "ትልቋ ፉሳኤ ናት፣ ትንሹ እኔ። እሷ ከፊቴ ከቆመች ግብር ሰብሳቢም አያገኘኝም" ትላለህ። እሷም ከወዲያኛው ወንበር፣ "ያንተ መብራት ቢጠፋ ማን ልብ ይለዋል? ይልቅ የሰውየውን ጆሮ እንዳትቆርጥ" ትልሃለች።

ትንሹ እየገባ የሚፈዝበት ጊዜ አንድ ቀን ተኩል ያህል ብቻ ነው። ያንን ጊዜ ለመያዝ ሰማያዊ መስታወት የገጠምክበትን የብርሃን መለኪያ በገዛ እጅህ ሠራህ። እኔ ደግሞ የኮከብ ተመልካቾች ማኅበራችን አባላት የሚልኳቸውን የልኬት ካርዶች ሰብስቤ በየወሩ መጽሔታችን ላይ የማወጣ ሰው ነበርኩ። የሚለካ ሌላ፣ የሚመዘግብ ሌላ። አንድም ቀን እንዳንተ ለክቼ አላውቅም። ይህንንም አንድም ቀን አልነገርኩህም።

የዛሬ አምስት ዓመት በአሥራ ሁለተኛው ወር ካርድህ መጣ። ትንሹ መፍዘዝ ሲጀምር ይዘኸዋል። በማኅበሩ ሌላ የያዘው አልነበረም። ሌሎቹ ቀንና ሰዓት ጽፈው ይልካሉ፣ እኔ ወደ ኮከብ ተመልካቾች የቀን ቁጥር እለውጠዋለሁ። አንተ ግን እንደ ልማድህ ቁጥሩን ራስህ አስልተህ፣ ሁላችንም እንደምናደርገው የፊቱን አሃዞች ትተህ ጽፈሃል፤ 413.98።

ለአዲስ አባል ሁሉ የምለውን እዚህ ልድገመው። አንተ ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለህ፤ ግን ቃሉ የእኔ ስለሆነ ነው። "ይህ ቁጥር እኩለ ሌሊት ላይ አይለወጥም። እኛ አገር የሚለወጠው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ ከነጥቡ ቀጥሎ ይጻፋል። ነጥቡን የዘለለ አንድ ቀን ይስታል።"

እኔ 413ን ብቻ ወሰድኩ። 413 የጀመረው በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ምሽት እስኪነጋ በረዶ ጥሏል፤ የትምህርት ቤቱን በር ስጠርግ ነበር። ዘጠና ስምንቱን ብመለከት ኖሮ ቀኑ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ብቻ እንደቀረው እረዳ ነበር። ማለትም በማግሥቱ፣ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ያን ዕለት ሰማዩ ለአንድ ሰዓት ያህል ተገልጦ ነበር። እኔ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ስወጣ ተመልሶ ደምኗል።

ሶባ ኑድል ከሚሸጥበት ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ያደረግነውን ስብሰባ ታስታውሰዋለህ። ሁሉም አፉን ሞልቶ ሳለ ተነሣሁ።

"ሺጌሃሩ፣ በዚያ ምሽት በረዶ ነበር። በበረዶ ውስጥ ነው ያየኸው?"

"ምን በረዶ? ጠርቶ ነበር እንጂ።"

"እኔ አካፋ ይዤ ነበር።"

ሊቀ መንበሩ፣ ሽማግሌው ኩማጋይ፣ "ጸጉር አስተካካይ አይደል? ደመናውን ከርክሞት ይሆናላ!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ።

"ካርዱን አሳየኝ" አልከኝ።

ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቦርሳው ጉልበቴ ላይ ነበር። "ቤት ነው የተውኩት" አልኩህ።

ሶባህን ጨርሰህ፣ ሳህንህን ወደ መሃል ገፍተህ፣ ደረጃውን ወረድክ። እኔም መጽሔቱ ላይ በሠላሳ አንድ ዓመት ልኬቶችህ ሁሉ ፊት፣ አጠራጣሪ ናቸው ለማለት፣ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ካርድ አልላክህም።

ለምን ዋሸሁ? ካርዱን ካወጣሁ ትክክል ሆነህ እንዳትገኝ ፈርቼ ነው። ስህተቱ የድካም ነበር። ውሸቱ ግን የቅናት ነው።

ከሞትህ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው የዚያን ጊዜ ካርዶች በሙሉ ቅጂ ጠየቀኝ። ያንተን ሳወጣ ነጥቡን አየሁት። ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ። ከዚያ እንደገና አየሁት። አሁንም ዘጠና ስምንት ነው።

ቤትህ ለመምጣት አንድ ወር ፈጀብኝ። የአርባ ዘጠነኛ ቀን መታሰቢያህ ባለፈ በማግሥቱ፣ የእርማቱን ገጽ ኪሴ ውስጥ ይዤ ገባሁ።

"ይቀመጡ፣ መምህር" አለች ፉሳኤ።

"ለጸጉር አይደለም የመጣሁት።"

"እዚህ የሚገባ ሁሉ ለዚያ ነው የሚመጣው። ይቀመጡ።"

ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛችው፤ ፊቴን አረፋ ቀባችው። ገጹን አውጥቼ ሰጠኋት። "ፉሳኤ፣ ስህተቱ የእኔ ነበር። ነጥቡን..."

"አፍህን ዝጋ፣ ምላጭ ነው።"

"አንተ" ብላ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

"የስብሰባው ዕለት ቤት ሲገባ ነግሮኛል" አለች። "ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። 'ዮሺታኬ ነጥቡን ዘለለው' አለኝ። ታዲያ ሂድና ንገረዋ! አልኩት። 'አስተማሪው እሱ አይደል? ራሱ ያገኘዋል' አለ። ከዚያ በየወሩ መጽሔቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገልጠው የእርማት ገጹን ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ እየሳቀ ነበር። ስንት ወር ነው፣ የሒሳብ መምህር?"

"ስልሳ" አልኩ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

"ስልሳ አንድ። የመጨረሻው የመጣው ከወደቀ በኋላ ነው። እኔ ገለጥኩለት።"

የሰጠኋትን ገጽ አነሣች። ምላጩን ጠረገችበት። አንዱን ጉንጬን ጨርሳ እንደገና ጠረገችበት፤ ሌላውንም። ከዚያ ከነአረፋው አጥፋ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ፊቴን በሙቅ ፎጣ ሸፈነችው። ፎጣውን ስታነሣ የት እንደምመለከት አላወቅሁም።

"ቴሌስኮፑስ?" አልኳት።

"ከቦታው አልተነሣም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸፍኖት ነበር። ለአንተ አልገልጠውም።"

ልክ ናት።

እርማቱ በዚህ ወር መጽሔት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ወጥቷል። የጥያቄ ምልክቶቹን በሙሉ አንሥቻለሁ። ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ እንደነበርም ጽፌያለሁ። ኩማጋይ ይህ ለመጽሔት አይሆንም ብለው ነበር፤ እኔም፣ ይህ ካልወጣ ሌላውም አይወጣም አልኳቸው። ከመጪው ወር ጀምሮ ካርዶቹን የሚሰበስበው ሌላ ሰው ነው።

በአራተኛው ወር፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ትንሹ እንደገና ይገባል። በምሽት ምዕራብ ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል። በራሴ መሣሪያ እለካዋለሁ፤ የእኔ መለኪያ እንዳንተ እንደማይሆን አውቃለሁ። ከደመነም ደመና ነበር ብዬ እጽፋለሁ። ከአንድ ወር በኋላ ይወጣል። ያኔም እጽፋለሁ፤ የሚያነብልኝ ግን አይኖርም።

ይህን ደብዳቤ የትም አልልከውም። ካርድህን ከነቁጥሩ አብሬው አስቀምጣለሁ።

ዮሺታኬ
335.98፤ ለሦስት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ጎድሎታል፣ ቀኑ ገና አልተለወጠም