በአንድ ጋዜጣ የተሸፈኑ ሁለት መጻሕፍት

ደሳለች፣

ውሃ ባልዲው ውስጥ ቀድቻለሁ። ሽሮው ተከድኗል፣ አሙቀሽ ብይ። ከቀበሌ መጥተው ስለ እኔ ከጠየቁሽ ዊንጌት አክስቷ ጋ ሄዳለች በያቸው። ውሸት አይደለም።

ያን የጃፓን ልቦለድሽን ጨረስኩት። እንግሊዝኛው ትርጉም ይጎረብጣል፣ ታሪኩ ግን ከእጄ አልወርድ አለኝ። ሰዓት ሠሪው ጊዜን ወደ ኋላ አዙሮ ቤቱ ወደተቃጠለበት ቀን ሦስቴ ይመለሳል። ዕቃ ያወጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ይሯሯጣል። እሳቱን የለኮሰው እሱ መሆኑን ግን ለሚስቱ አንዴም አይነግራትም። አንቺ "አንጀቴን በላው" ብለሽኝ ነበር። እኔን አናደደኝ። ፈሪ ነው።

አሰሳው የመጣ ዕለት አንቺ ሥራ ነበርሽ። የቀበሌ ጠባቂዎቹ ጎረቤት ገብተው ሲፈትሹ ድምፃቸውን ሰምቼ፣ የውጭ መጽሐፍ ጣጣ ያመጣብናል ብዬ ልቦለድሽን ከሰሉ ላይ ጣልኩት። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ጋዜጣ እንሸፍን ያልሽው አንቺ ነሽ! እንዳይለዩ ብለሽ። እኔም አልለየሁም።

ልቦለዱ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ያየሁት እነሱ ከወጡ በኋላ ነው።

የእናትሽን መጽሐፍ ቅዱስ ስትፈልጊ ሳምንቱን ሙሉ አብሬሽ ፈለግሁ። አልጋ ሥር ሁሉ ገባሁ።

እናትሽ የልጆቻቸውን የልደት ቀን በእጃቸው የጻፉበት ገጽ ግማሹ ተርፏል። ልቦለዱ መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቀስ ብለሽ ክፈቺው፣ ይፈረፈራል።

የወንድሞችሽ ስም ይነበባል።

ያንቺ ተቃጥሏል።

ሠርካዲስ