ገና ነው የተባለው ወይን

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ቀኝ ጉልበትሽ ደረጃ ባየ ቁጥር ማጉረምረሙን ተወልሽ? ዓይንሽስ? አሁንም መርፌ ላይ ክር የምታስገባልሽ ጎረቤት እየፈለግሽ ነው? ልብስ ሰፊ ሆኖ መነጽር አላደርግም ማለት መቼም የጤና አይደለም። እኛ ደህና ነን። ማለቴ ጤናችን ደህና ነው። ሌላውን ግን ቁጭ በይና ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሚያሳፍረውን ላውጣው። ማክሰኞ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለምሳ ቤት ገብቼ፣ ብቻዬን፣ እንደቆምኩ፣ ከሣጥኑ ወይን አንዱን ከፈትኩት። ከምን ጋር? ከተጠበሰ እንቁላል ጋር! ብርጭቆ እንኳ አላወጣሁም፤ በሻይ ኩባያ ነው የጠጣሁት። ከሰዓት በኋላም ራሴን አመመኝ ብዬ ሥራ አልተመለስኩም። አትሳቂ። ተናድጄ ነው።

ሣጥኑን መቼም አልረሳሽውም። ወደዚህ ቤት የገባን ሰሞን ሦስታችን ሆነን የገዛነው አሥራ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን። ሻጩ፣ "ሦስት ዓመት አትንኩት። ከዚያ በዓመት አንድ አንድ እየከፈታችሁ፣ ያንኑ እራት እየሠራችሁ ቅመሱት። እራቱ ካልተለወጠ የተለወጠው ወይኑ ነው ማለት ነው፤ መቼ እንደሚጠጣ ራሱ ይነግራችኋል" ያለን። እኛም እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዝነው። የበግ ትከሻ፣ ድንች፣ ካሮት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፤ አራት ሰዓት ሙሉ ኦቨን ውስጥ። ጨው ሳይቀር በማንኪያ እየለካሁ። ባሌ ደግሞ ፋርማሲስት አይደል፣ ደብተር ገዝቶ በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመረ፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ ያንቺ። ብርጭቆውን ወደ መብራት አንሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፍርድ ሲሰጥ "ዳኛው" ብለሽ ስም ያወጣሽለት አንቺው ነሽ። እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ መድኃኒት ቤቱም ውስጥ ዳኛው ነው የሚሉት።

እንግዲህ ይኸው ዳኛ አንቺ ከቀረሽ ወዲህ በሦስቱም እራት ምን ሲለኝ ኖረ መሰለሽ? "ገና ነው።" አራት ሰዓት ኦቨን አጠገብ ተጠብሼ፣ ፊቴ ከበጉ እኩል ቀልቶ ስቀመጥ፣ ይጎነጫል፣ ያስባል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ "ገና ነው፤ አንድ ዓመት ይቆይ።" የእኔን አፍንጫ ታውቂዋለሽ፤ ጋዝ ሲያፈስ እንኳ ሰው ካልነገረኝ አይገባኝም። ያፍንጫ ነገር ያንቺ ነው። ስለዚህ አመንኩት።

ባለፈው ወር የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። እንኳን ደስ አለሽ በይኝ። እስቲ አንድ ጠርሙስ እንክፈት ብዬ ዳኛውን ብጠይቀው "ገና ነው" ብሎ የሎሚ ጭማቂ ቀዳልኝ። ሎሚ! ለኃላፊ! ያን ቀን ነው ነገሩ ሆዴ የገባው፤ ማክሰኞ ፈነዳ።

ታዲያ እትዬ፣ ወይኑ ገና አልነበረም። ለእኔ ለደነዟ እንኳ ታወቀኝ። አፍ ላይ ለስላሳ ነው፣ የደረቀ ፕሪም ፕሪም ይላል፣ መጨረሻው ላይ ግን ደረጃ እንደወጣ ሽማግሌ ድክም ይላል። ድሮ ደርሶ አሁን ቁልቁል እያየ ነው። ዳኛውን ላጋልጠው ብዬ፣ ፍርዴን በቀይ እስክሪብቶ ልጽፍበት ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከፍቼ አነበብኩ።

አንቺ በቀረሽበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ፣ "ደርሷል። ከዚህ የተሻለ አይሆንም።" በሁለተኛው፣ "አሁንም ግሩም ነው። ባይቆይ ጥሩ ነበር።" ዓምና፣ "መውረድ ጀምሯል። እሷ ሳትቀምሰው።" ያንቺ ዓምድ በሦስቱም ገጽ ባዶ። በማስመሪያ ተሰምሮ ባዶ!

ከሥራ ሲገባ ኩባያውን፣ የእንቁላሉን ሳህን፣ የተጋመሰውን ጠርሙስና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅሁት። "አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየህ ዋሸኸኝ!" አልኩት። ሳህኑን አየና "በእንቁላል?" አለኝ። እስቲ አስቢው! ቤቱ እየተቃጠለ እሱን ያሳሰበው እንቁላሉ። መልስልኝ ብዬ ስጮህበት ቁጭ አለ። "ደርሷል ብልሽ በወሩ ትጨርሺው ነበር። እትዬ ሳትቀምሰው ደግሞ አያልቅም" አለኝ። "ጥላን የሄደችው እሷ ናት" አልኩት። "ማን አስነሣት?" አለኝ።

ማን አስነሣት! በገዛ ቤቴ! የበጉን ጨው እየለካሁ ባበላሁት!

ያን ለመጨረሻ ጊዜ ሦስታችን አብረን የበላን ዕለት እኔ ምን አልኩሽ? አንቺ ነሽ የጀመርሽው። "ወይኑ ደርሷል፣ ሰው ጠርታችሁ ጠጡት፤ እናንተ ሁሉን ነገር ስታቆዩ ታረጃላችሁ" አልሽ። እኔም "አንቺ ሁለት ባል በችኮላ አግብተሽ ምን አተረፍሽ?" አልኩሽ። ሹካሽን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገሽ አስቀመጥሽው። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ብትወረውሪብኝ ይሻለኝ ነበር። በወይኑ አላሳብብም፤ ገና ግማሽ ብርጭቆ ላይ ነበርኩ። ሁለተኛው ሰውዬ ልብሱን ሰብስቦ ከወጣ ሁለት ወሩ እንደነበረም አውቅ ነበር። አውቅ ነበር፣ እትዬ።

አንቺም ብትሆኚ ግን! ለደብዳቤዬ ሁሉ መልስሽ "ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ" ብቻ፤ እንዲህ ተብሎ ለእህት ይጻፋል? እንደዚያ የሚጻፈው ለመሥሪያ ቤት ነው። ለልደቴ የላክሽው ቀሚስ ልኬን ሳትጠይቂኝ ቆዳዬ ላይ የተሰፋ መስሎ መጣ፤ አንዲት መሥመር ደብዳቤ ግን አልነበረበትም። ኪሶቹን ሁሉ ፈትሻለሁ። ገበሩንም ዳሰስኩት።

አሁን ሦስት ጠርሙስ ቀርቷል። ሻጩ ጋ ሄጄ ብጠይቀው "ዘንድሮ ካልጠጣችሁት ለሰላጣ ነው የሚሆነው" ብሎኛል። ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንከፍታለን። ሥጋ ሻጩ "ዘንድሮ ትከሻው ተለቅ ይበል ብለሻል፣ እንግዳ አለ እንዴ?" ሲለኝ "የምን እንግዳ፣ የቤት ሰው ነው!" ብዬ ጮኽኩበት። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

ዳኛው ትናንት አዲስ ገጽ ላይ ሦስት ዓምዱን አሰመረ። ከዚያ ብርጭቆሽን፣ ያንን ጠርዙ የተሸረፈውን፣ አውጥቶ በፎጣ ይወለውለው ጀመር። "ማን አዘዘህ?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "ገና ነው?" አለኝ።

ፎጣውን ከእጁ ነጠቅሁትና ራሴው ወለወልኩት።

ወይኑ ምን ምን እንዳለ እሑድ ጠዋት ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ያንቺን ዓምድ ግን እኔ አልሞላውም፤ አፍንጫዬን ታውቂዋለሽ። ደብዳቤ መጻፍም ሰልችቶኛል።

ዓይንሽን ብሩህ ያድርግልሽ፤ እጅሽን ይባርክልሽ። ጉልበትሽንም እግዜር ይጠግንልሽ። የእኛ ቤት ደረጃ አሥራ አራት ብቻ ነው፤ ዳኛው መሃሉ ላይ ወንበር አስቀምጣለሁ ብሏል።

የተናደደችው ታናሽሽ