ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው ያወጉ የነበሩት አናጢ የሕይወት ታሪክ

ለክተው ስለማይስቱ ሰፈሩ «ጋሽ ልኬ» የሚላቸው ወንድማችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በአባታቸው ወርክሾፕ መጋዝ ጨበጡ። ሚስማሩን በከንፈራቸው ደርድረው፣ እየመቱ ያወጉ ነበር፤ አንድም ጠብ አይልባቸውም። በ1978 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ባለቤታቸው አጉርሰው፣ አልብሰው፣ ደግፈው አስነሷቸው፤ በዓመቱ መዶሻ አነሡ። ሐኪሙ ግን ሁለተኛ እንዳይመታቸው ኪኒኑ የዕድሜ ልክ መሆኑን ነግሯቸው ነበር።

«የጠገንኩትን በር በየማለዳው ልጠግነው ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«አንተ በር አይደለህም፤ ዋጥ!» አሏቸው ባለቤታቸው።

ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው በየጠዋቱ ኪኒኑን በመዳፋቸው፣ ውሃውን በብርጭቆ ይዘው ይቆማሉ። ጋሽ ልኬም አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው፣ ውሃ ተጎንጭተው፣ አንድ ቀልድ ወርወር አድርገው ይወጣሉ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ትዳር ነውና፣ አፍህን ክፈትና ልይ አይባልም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወርክሾፓቸው በር ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ አፋቸውን ስታጸዳ የዕለቱን ኪኒን ከጉንጫቸው ሥር አወጣች። ማታውን አረፉ።

ለቅሶ ቤት ግን ከዘመድ ወገን «መድኃኒቱን ሳትሰጠው ቀርታ ነው» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ልጆቻቸው ይህን ሰምተው ወርክሾፑን ከፈቱ፤ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለው ሰጋቱራ ሲገለጥ የስንት ወር ኪኒን ተገኘ። ስለዚህ በሰው ሁሉ ፊት ይነበብ ብለናል፤ ሴትዮዋ ሰጥተዋል፣ ያልዋጡት እሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። «ሞትስ ለሁላችንም ነው፤ በየጠዋቱ ዓይን ዓይኔን እያየ እንዴት ይስቃል?» ብቻ አሉ።

እናንተም ከዚህ በሽታ ተርፋችሁ እዚህ የቆማችሁ፣ ደኅና የሆናችሁት ኪኒኑን ስለምትውጡ ነው። ኪኒኑ ካልተስማማችሁ ለሐኪም ተናገሩ እንጂ፣ መዳፉን የዘረጋላችሁን ሰው አታታልሉ።

ጋሽ ልኬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። ባለቤታቸው ይቅር ባሏቸው ቀን እኛም ይቅር እንላቸዋለን፤ እስከዚያው ማንም ሰው «ይቅር በዪው» እያለ እንዳያስቸግራቸው።